ለአሮጌ ሚያታ በትንሽ ገንዘብ ሾክና ሞላ አመራረጥ

አሮጌ ሚያታ የገዛ ወዳጄ ሁሉ ውሎ ሳያድር አንድ ጥያቄ ይዞ ይደውላል። «ሙሉ ኮይልኦቨር በ400 ዶላር አገኘሁ፣ ልግዛው?» ኮይልኦቨር ማለት ሾክና ሞላው አንድ ላይ ተገጥሞ የሚመጣ፣ ቁመቱ የሚስተካከል ዕቃ ነው። ጥያቄው ስልክ ላይ በአምስት ደቂቃ የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ እዚህ ደረጃ በደረጃ አስቀምጬዋለሁ። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ገንዘብ ማውጣት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የማወራው ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ የስፖርት መኪና ስለሆነችው ማዝዳ ሚያታ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ትውልድ፣ ኤንኤ የሚባለው፣ ከ1990 እስከ 1997 ሞዴል ተሽጧል። ሁለተኛው፣ ኤንቢ፣ ከ1999 እስከ 2005። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። ሁለቱ ከሥራቸው በጣም ስለሚመሳሰሉ የአንዱ ሾክና ሞላ ለሌላው ይሆናል። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ እዚህ በበረዶ ወቅት መንገዱ ላይ ጨው ይረጫል። ስለ ዝገት ደጋግሜ የማነሣው ለዚህ ነው።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ጥሩ ሾክ ግዙበት። ሞላ ይቀጥላል። መኪናዋን ዝቅ ማድረግ መጨረሻ ላይ ነው፤ ጭራሽ ቢቀርም ምንም አይጎድልባችሁም።

ነገሩ የስፍራ ጉዳይ ነው

ሾክ ስትገዙ ሁለት ነገር ትገዛላችሁ። አንዱ፣ የተጨመቀው ሞላ ሲመለስ እንዳይዘል የሚይዝ ኃይል ነው። ሌላው፣ ጎማው ወደ ላይ የሚነሣበት ስፍራ ነው። ሰው ስለ መጀመሪያው ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን ይረሳዋል። ሚያታ ደግሞ ከፋብሪካ ስትወጣም ይህ ስፍራዋ ጠባብ ነው። አጭር ሞላ አስገብታችሁ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ስታደርጓት ከዚያችው ከጠባቧ ላይ ነው የምትቆርጡት።

የሾኩ ዘንግ ላይ ባምፕ ስቶፕ የምትባል ጎማ አለች። ሾኩ ብረት ለብረት እንዳይጋጭ የምትከላከል እሷ ናት። ስፍራ ያጣ ሾክ ትንሽ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እሷ ላይ ያርፋል። ሹፌሩ «ጠንከር አለች፣ ስፖርት ሆነች» ይላል። መኪናዋ ግን በሞላዋ ሳይሆን በጎማ ቁራጭ ላይ እየሄደች ነው። ይህ ወገብ ከማሳመም ያለፈ ጣጣ አለው። ኩርባ ላይ አንዱ ጥግ ባምፕ ስቶፑን ሲመታ የዚያ ጥግ ጥንካሬ ባንድ ጊዜ ብዙ እጥፍ ያድጋል። ጎማው መሬቱን ይለቃል። የኋላው ጎማ ከሆነ መኪናዋ ትዞርባችኋለች።

የመጀመሪያዋ ሚያታዬ ላይ ይህንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። ካገኘሁት ሁሉ ርካሹን ኮይልኦቨር ገዛሁ፤ ጎማው ፓራፋንጎው ሥር እስኪገባ አወረድኳት። ወደ ሥራ ስሄድ የምሻገረው ድልድይ አለ። መጋጠሚያው ላይ በደረስኩ ቁጥር «ጧ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ዓመት ሳይሞላ አንዱ ሾክ ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። ስፈታው ባምፕ ስቶፑ እንደ ደረቀ ዳቦ እጄ ላይ ተፈረፈረ። መኪናዋን ሳወርድ ስፍራውን ስላልለካሁ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለመምረጡ፦
- ሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ
- የእጅ ባትሪ
- ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት
- የጎማ ግፊት መለኪያ

ለመግጠሙ፦
- ክሪክ፣ ቢያንስ ሁለት ጠንካራ ካቫሌቶ (የተነሣችውን መኪና ደግፎ የሚያቆም) እና የጎማ ታኮ
- ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር የቡሶላ መፍቻ፣ ረጅም እጀታ ያለው
- ጥብቀት የሚለካ መፍቻ፣ ማለትም ቶርክ ሬንች
- የሞላ መጭመቂያ፤ የዕቃ መደብሮች በመያዣ ያውሱታል
- የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ቀጭኗ
- አዲስ ባምፕ ስቶፕ፣ አዲስ የላይ ሱፖርቶ (ሾኩን ከላይ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው) ጎማ እና አዲስ የስታቢላይዘር (መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታጋድል የሚይዘው ዘንግ) ማያያዣ
- የመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ፣ የራሷ ሞዴል ዓመት

የመጨረሻው እንዳይቀር። የእያንዳንዱ ቡሎን ጥብቀት እዚያ ላይ ተጽፏል፤ በግምት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ከመግዛት በፊት መኪናዋን መርምሩ

ብዙ ጊዜ ችግሩ ሾኩ አይደለም። መጀመሪያ ጎማውን እዩ። የጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2315 ካለ በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ደርቋል። የደረቀ ጎማ ለብሳችሁ ሾክ ብትቀይሩ ልዩነቱን አታዩትም።

ቀጥሎ ከሥር ግቡ። ቦኮላዎቹን፣ ማለትም ብራቾው (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) የሚታጠፍባቸውን የጎማ ቁራጮች፣ በእጅ ባትሪ እዩ። ተሰንጥቀው፣ አብጠው ወይም ከብረቱ ተላቀው ከሆነ ብራቾው በመሪ ሳይታዘዝ ይንሸራተታል። ቦል ጆይንቱን፣ ማለትም ብራቾው ጫፍ ላይ ያለውን ኳስ መሰል መጋጠሚያ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ በመነቅነቅ ፈትሹ። «ቋ ቋ» ካለ ሾክ ከመግዛት በፊት እሱ ይቀየር።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሚያታ ላይ የጎማው ቀጥታ፣ አላይመንት የሚባለው፣ የሚስተካከለው የታችኛው ብራቾ ሥር ባሉ ኤክሰንትሪክ ቡሎኖች ነው። የቡሎኑ ራስ ላይ ያለው ክብ ሳህን መሐሉ ላይ የተበሳ አይደለም፤ ወደ አንድ ጎን ያደላል። ሲዞር ብራቾውን ይገፋል። ጨው ባለበት አገር እነዚህ ቡሎኖች ከቦኮላው ብረት ጋር በዝገት ይጣበቃሉ። ዳዶውን አላሉና ቡሎኑን በመፍቻ ለማዞር ሞክሩ። ሳህኑ ያረፈበትን ቦታ ግን መጀመሪያ በቀለም ምልክት አድርጉ። እምቢ ካለ ዘይት ረጭታችሁ አሳድሩት፣ በነጋታው ድገሙት። የማይንቀሳቀስ ከሆነ አላይመንት ማድረግ አትችሉም። አላይመንት የማይደረግለት መኪና ላይ አዲስ ሾክ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። ቡሎኑን ማስለቀቂያውንና አዲስ ቡሎን መግዣውን በበጀታችሁ ውስጥ ጻፉት።

በመጨረሻ ሾኮቹን እዩ። አካሉ ላይ አቧራ የያዘ ዘይት ካለ አልቋል። ደረቅ ቢሆንም አንዱን ጥግ በእጃችሁ ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ከነጠረ ሥራውን ትቷል። ባይነጥር ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። በእጅ የሚደረግ ፈተና የሚይዘው ጨርሶ የሞተውን ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ የአሁኑን ቁመት ለኩና ጻፉ

ከጎማው መሐል፣ ከቸርኬው ማዕከል፣ ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ለኩ። አራቱንም ጥግ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማው መጠንና ንፋስ ቁጥሩን ይለውጠዋል። ቤንዚኑ ግማሽ፣ ባጋጁ ባዶ፣ መሬቱ ደልዳላ ይሁን።

ይህ ለምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ የቀድሞው ባለቤት ሞላ ቆርጦ ወይም ቀይሮ እንደሆነ ይነግራችኋል። ግራና ቀኙ በሁለት ሴንቲ ሜትር ከተለያዩ አንድ ነገር አለ፤ የተሰበረ ሞላ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ከገጠማችሁ በኋላ ምን ያህል እንደወረደች የምታውቁት በዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ እንዴት እንደምትነዷት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ቅዳሜና እሑድ ተራራ መንገድ ላይ።» «በየቀኑ ወደ ሥራ፣ ጉድጓድ ባለበት መንገድ።» «በዓመት ሁለቴ ትራክ፣ የውድድር ሜዳ ላይ።» ከእነዚህ አንዱን ብቻ ምረጡ። ሁሉንም የሚል ሰው ለሦስተኛው ይገዛል፤ ነገር ግን በዓመት 363 ቀን የሚነዳው ሁለተኛውን ነው። ሚያታ 1 ቶን ገደማ የምትመዝን ቀላል መኪና ናት። በጠንካራ ሞላ ላይ ሆና ሸካራ መንገድ ላይ ስትሄድ ጎማው መሬት መርገጡን ትቶ መንጠር ይጀምራል።

ደረጃ 4፦ በጀቱን ከፋፍሉ

ይህን ካላችሁት ጠቅላላ ገንዘብ ላይ አስቀድማችሁ ቀንሱ፦ የላይ ሱፖርቶ ጎማ፣ ባምፕ ስቶፕ፣ የስታቢላይዘር ማያያዣ፣ አላይመንት። የቀረው የሾክና የሞላ ገንዘብ ነው። 800 ዶላር ያለው ሰው ለሾክና ለሞላ የሚተርፈው 500 ገደማ ነው። ይህን ቀድሞ ያላሰበ ሰው አዲሱን ሾክ በ30 ዓመት የሱፖርቶ ጎማ ላይ ይሰቅለዋል። ከዚያ «ይንኳኳል» ብሎ ይደውላል።

ደረጃ 5፦ ከሦስቱ መንገዶች አንዱን ያዙ

*ሀ. የፋብሪካውን የሚመስል አዲስ ሾክ በነበረው ሞላ።* ገንዘቡ እጅግ ትንሽ ከሆነ ይህ ነው። ኬዋይቢ ኤክሰል-ጂ ለፋብሪካ ሞላ የተሠራ፣ ዋጋው የማይጎዳ ሾክ ነው። አራቱ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 400 ዶላር አካባቢ ይገኛሉ። ሃያ ዓመት ያለፈው የፋብሪካ ሾክ ላይ የነበረ ሰው ይህን ሲያስገባ ሌላ መኪና የገዛ ይመስለዋል። አትናቁት። አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፤ ከአጭርና ጠንካራ ሞላ ጋር አታጋቡት። ያንን ሞላ የሚይዝ ኃይል የለውም፣ ቶሎ ያልቃል።

*ለ. ጥሩ ሾክ፣ ልከኛ ሞላ።* እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ቢልስታይን ቢ6 ወይም ቢጫው ኮኒ ስፖርት። ቢልስታይን አንድ ቱቦ ያለው፣ በከፍተኛ ግፊት ጋዝ የተሞላ ሾክ ነው፤ ምንም አይስተካከልም፣ ምንም መንካት አያሻም። ኮኒው ሲመለስ የሚይዝበት ኃይል ከላይ በዘንጉ ጫፍ እየዞረ ይስተካከላል። ሞላው የሚያርፍበት ቀለበትም ቦታ ስለሚቀየር ቁመቱን በመጠኑ መምረጥ ይቻላል። ከዚህ ጋር እንደ አይባክ ፕሮ-ኪት ያለ መኪናዋን በጥቂቱ ብቻ የሚያወርድ ሞላ ይስማማል። ገንዘቡ ባንዴ ካልሞላ ሾኩን ዛሬ ግዙ፣ በነበረው ሞላ ንዱ፣ ሞላውን በሚቀጥለው ዓመት አስገቡ። ተገላቢጦሹን ግን አታድርጉ። ያረጀ ሾክ ላይ አዲስ ጠንካራ ሞላ ማድረግ መኪናዋን ኳስ ያደርጋታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው የርካሽ መንገድ አለ። ኤንኤ አር-ፓኬጅ የሚባለውና የኤንቢ የስፖርት ሰስፔንሽን ያላቸው ሞዴሎች ከፋብሪካ ቢልስታይን ለብሰው ነው የወጡት። ሰዎች ኮይልኦቨር ሲገዙ እነዚህን አውጥተው በርካሽ ይሸጣሉ። የማያፈስ ካገኛችሁ ያዙት። በተለይ የኤንቢ የላይ ሱፖርቶ አብሮ ከመጣ ለኤንኤ ትልቅ ጥቅም ነው፤ አሠራሩ ለሾኩ ተጨማሪ ስፍራ ይሰጠዋል። ስለ ስፍራ ያልኩትን አስታውሱ። በጥቂት ዶላር ስፍራ የሚገዛላችሁ ዕቃ ብዙ የለም።

*ሐ. ኮይልኦቨር።* ቁመት ማስተካከል የግድ ካስፈለጋችሁ። ቢሲ ሬሲንግ ቢአር ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ ግን ሞላውን ሳትነኩ የሾኩን አካል ከታች እየዞራችሁ ቁመት መቀየር ትችላላችሁ። ይህ ቁም ነገር ነው። ርካሾቹ ላይ ቁመት የሚቀየረው የሞላውን ማረፊያ ዝቅ በማድረግ ብቻ ነው፤ ባወረዳችሁት ልክ ስፍራው ያልቃል። በቢአሩ ላይ ግን አካሉ ራሱ ስለሚያጥር የሾኩ ስፍራ አይነካም። እርግጥ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር እንዳይጋጭ ማየቱ የእናንተ ሥራ ነው።

ያ የ400 ዶላሩ ኮይልኦቨር? መልሴ አይሆንም ነው። በዚያ ዋጋ አራት ሾክ፣ አራት ሞላ፣ አራት ሱፖርቶ ሲሠራ የሚቀነሰው ውስጡ ያለው ቫልቭ ነው። እሱን ደግሞ ከውጭ አታዩትም። በዚያው ገንዘብ መንገድ ሀን ሂዱ።

ደረጃ 6፦ የሞላውን ቁጥር ማንበብ ልመዱ

የሞላ ጥንካሬ በሁለት ዓይነት ይጻፋል። የጃፓንና የታይዋን ዕቃ በኪሎ ግራም በሚሊ ሜትር፣ የአሜሪካው በፓውንድ በኢንች። 1 ኪሎ በሚሊ ሜትር ማለት 56 ፓውንድ በኢንች ነው። «6 ኪሎ» ካለ 336 ፓውንድ ገደማ ነው።

የኤንኤ የፋብሪካ የፊት ሞላ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ለየቀኑ መንገድ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ፊት፣ ከ3 ተኩል እስከ 4 ኪሎ ኋላ ከጥሩ ሾክ ጋር ደህና ይሄዳል። 8 እና 10 ኪሎ ያለው ማስታወቂያ ለትራክ ነው።

እዚህ ላይ ስህተት የሚፈጥር ነገር አለ። ሚያታ ላይ ሞላው ጎማው ላይ አልተቀመጠም፤ ብራቾው መሐል ላይ ነው። ፊት ጎማው 10 ሴንቲ ሜትር ሲነሣ ሾኩ የሚጨመቀው 7 ገደማ ነው። የሞላው ኃይልም ጎማው ጋ ሲደርስ በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ጎማው የሚሰማው ጥንካሬ የሞላው ግማሽ ያህል ነው። የሌላ መኪና ቁጥር ከሚያታ ጋር አታወዳድሩ። ኮሮላ ላይ የሠራ መካኒክ የፊት ሾኩ ራሱ ጎማውን የሚይዝ ምሰሶ መሆኑን ለምዷል። ሚያታ ላይ ጎማውን የያዙት የላይና የታች ብራቾ ናቸው፤ ሾኩ መሐል ገብቶ ይጨመቃል እንጂ ጎማውን አይዝም።

ደረጃ 7፦ ያገለገለ ከሆነ ሻጩን ጠይቁ

ስንት ማይል ሄደ? ተከፍቶ ታድሷል? ቁመት ማስተካከያው ቀለበት ይዞራል ወይስ ዝጓል? ጥርሱ ላይ የተጠረቀመ ጨው ያለበት ኮይልኦቨር ቁመቱ የሚቀየረው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። በዕቃው ፊት ሆናችሁ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ተጭናችሁ ልቀቁ። በእኩል ፍጥነት መመለስ አለበት። መሐል ላይ የሚፈጥን ቦታ ካለ ዘይቱ ወይም ጋዙ ጎድሏል። ዘንጉ ላይ በጥፍራችሁ የሚሰማ ጭረት ካለ ተዉት፤ ያ ጭረት ዘይት ማኅተሙን ይበላዋል።

ደረጃ 8፦ ግጠሙ

*ማስጠንቀቂያ፦ በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር አትግቡ። ካቫሌቶው መጽሐፉ በሚያሳየው የማንሻ ቦታ ላይ ይሁን፤ የዛገ ጫፍ ላይ አታቁሙ።*

*ማስጠንቀቂያ፦ ሞላው በመጭመቂያው ሳይያዝ የሾኩን የላይኛውን መሐል ዳዶ በፍጹም አትፍቱ። የተጨመቀ ሞላ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል። ለዚህ ሥራ ድፍረት ከሌላችሁ ሾኩን ከነሞላው አውጥታችሁ ወደ ጋራዥ ውሰዱት፤ ለመቀየር ብዙ አያስከፍሉም።*

ፊት ላይ ኮፈኑን ክፈቱ፤ ሁለት ሁለት ዳዶ ከላይ ታገኛላችሁ። ኋላ ላይ ዳዶዎቹ ባጋጁ ውስጥ፣ ምንጣፉን ስታነሡ ናቸው። የኤንኤ ባትሪ ባጋጁ ውስጥ በቀኝ በኩል ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ንቀሉ፤ አለበለዚያ መፍቻችሁ ባትሪው ጫፍ ላይ ወድቆ ብልጭታ ይፈጥራል።

የስታቢላይዘሩን ማያያዣ ፍቱ። የታችኛውን የሾክ ቡሎን አውጡ፣ የላይኞቹን ዳዶዎች በመጨረሻ። ፊት ላይ ሾኩ አልወጣ ካለ ብራቾውን ወደ ታች ጫን በሉ፤ ካልበቃ የላይኛውን ብራቾ ረጅም ቡሎን ማውጣት ይረዳል። የፍሬን ቱቦው ላይ ሸክም እንዳይንጠለጠል፤ ሲሳብ ውስጡ ይቀደዳል።

አዲሱን ስታሰባስቡ አሮጌውን ባምፕ ስቶፕ አትመልሱት። ከሾኩ ጋር የመጣውን ወይም ለዚያ ሾክ የሚመከረውን አድርጉ። መኪናዋ ዝቅ የምትል ከሆነ አጠር ያለ ባምፕ ስቶፕ ስፍራ ያስቀምጥላችኋል። ጨርሶ ማውጣት ግን አይቻልም።

የመሐሉን ዳዶ በአየር መፍቻ አታጥብቁ። ዘንጉ አብሮ ይሽከረከራል፣ ውስጡ ያለው ፒስተን ይላላል ወይም ማኅተሙ ይጎዳል። ዘንጉን በአለን ቁልፍ ይዛችሁ በእጅ አጥብቁት።

ደረጃ 9፦ ቦኮላ ላይ ያሉትን ቡሎኖች መኪናዋ መሬት ረግጣ አጥብቁ

ከሁሉም በላይ የሚዘለለው ይህ ነው። ቦኮላው ጎማ ነው፤ ከውስጡና ከውጩ ብረት ጋር ተጣብቋል። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑን ካጠበቃችሁት መኪናዋ ስትወርድ ቦኮላው ተጠምዝዞ ይቀራል። በዚህ ምክንያት መኪናዋ ከፍ ብላ ትቆማለች፣ ቦኮላውም በወራት ውስጥ ይቀደዳል። ስለዚህ ሁሉንም በእጅ ብቻ አስገቡ። መኪናዋን ታኮ ላይ ወይም መወጣጫ ላይ አውርዱ፣ ጥቂት ወዘወዝ አድርጓት፣ ከዚያ በቶርክ ሬንች መጽሐፉ ባለው ልክ አጥብቁ። የቸርኬ ዳዶ ከ65 እስከ 87 ፓውንድ ፉት፣ በሌላ አነጋገር ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ነው።

ደረጃ 10፦ ስፍራውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ለኩ

ይህችን ዘዴ በጣም እወዳታለሁ፤ ሁለት ሳንቲም የምታወጣ ማሰሪያ ሻጩ የማይነግራችሁን ትነግራችኋለች። ዘንጉ የሚታይ ከሆነ፣ ወይም አቧራ መከላከያውን ከፍ ማድረግ ከተቻለ፣ ማሰሪያውን ዘንጉ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ወደ ታች ገፍታችሁ ሾኩ አካል ላይ አስነኩት። ከዚያ የምታውቁትን መንገድ፣ ያንን መጥፎ ጉድጓድ ጨምራችሁ፣ አንድ ዙር ንዱ። ተመልሳችሁ እዩ። ሾኩ በተጨመቀ ቁጥር ማሰሪያውን ወደ ላይ ገፍቶታል።

ማሰሪያው ከባምፕ ስቶፑ በታች ከቀረ ስፍራ አላችሁ። ባምፕ ስቶፑን በጥቂቱ የነካ ከሆነ ተራ ነገር ነው። በየዙሩ ባምፕ ስቶፑ ውስጥ ገብቶ የሚገኝ ከሆነ መኪናዋ በጣም ወርዳለች፤ ኮይልኦቨር ከሆነ ከፍ አድርጉ፣ ሞላ ከሆነ የኤንቢ ሱፖርቶ ወይም አጭር ባምፕ ስቶፕ አስቡ። የእኔ አሁን ከጎማ መሐል እስከ ፓራፋንጎ ፊት 13 ኢንች ገደማ ናት፤ ከዚህ በታች ስወርድ ማሰሪያዋ ትጮህብኛለች።

ደረጃ 11፦ አላይመንት

ቁመት ሲቀየር የጎማው ማዕዘን ሁሉ ይቀየራል። ሳምንት ንዷት ሞላው እንዲረጋ፣ ከዚያ ውሰዷት። «እንደ ፋብሪካው አድርገው» ብቻ አትበሉ፤ የምትፈልጉትን ቁጥር ጽፋችሁ ስጡ። ለመንገድ ፊት ካምበር (የጎማው አናት ማዘንበል) 1 ዲግሪ ገደማ ወደ ውስጥ፣ ኋላ 1 ተኩል ገደማ። የፊት ቶ (ከላይ ሲታይ የጎማው አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) ዜሮ፣ የኋላው በጣም ጥቂት ወደ ውስጥ። ካስተር (የፊት ጎማው በመሪ የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ማዘንበሉ) 5 ዲግሪ አካባቢ፣ ግራና ቀኝ እኩል። ኋላው ከፊቱ ጥቂት የበለጠ ካምበር እንዲኖረው የምፈልገው መኪናዋ ኩርባ ላይ ኋላዋን እንዳትጥል ነው። የሚነዳውን ሰው ክብደት ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ የሚፈቅድ ሱቅ ካገኛችሁ እሰየው፤ ሚያታ ቀላል ስለሆነች የአንድ ሰው ክብደት ቁጥሩን ያንቀሳቅሳል።

ደረጃ 12፦ የሚስተካከል ሾክ ከሆነ ከላላው ጀምሩ

ከመጨረሻው ለስላሳ ጀምራችሁ በትንሽ በትንሹ አጥብቁ። አራቱንም አንድ ላይ አትንኩ፤ ፊቱን ብቻ፣ ከዚያ ኋላውን ብቻ። ያጠበቃችሁትን በወረቀት ያዙ። መኪናዋ መንገዱ ላይ መዋኘት ስታቆም በቃ። ከዚያ በላይ ከጠበቀ ሾኩ ሞላው ሳይመለስ ይይዘዋል፤ ተከታታይ ጉድጓድ ላይ መኪናዋ ቀስ በቀስ ወደ ታች ትወርድና ባምፕ ስቶፑ ላይ ትቀመጣለች። ብዙ ሰው ይህን «ሾኩ ጠንካራ ነው» ይለዋል፤ ሁለት ጠቅታ ቢያላላው ይሻለዋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የፋብሪካ ሞላ በመጋዝ መቁረጥ። ሞላው ያጥራል፣ ጥንካሬው ግን እዚህ ግባ በማይባል ይጨምራል፤ ስፍራው ብቻ ይሄዳል። ጎማው ሲንጠለጠል ደግሞ ሞላው ከማረፊያው ሊወጣ ይችላል።

ፊቱን ብቻ መቀየር። ፊቱ ሲይዝ ያረጀው ኋላ ይንሳፈፋል፣ ዝናብ ላይ አደገኛ ነው። ገንዘብ ካልበቃ ለአራቱም የሚሆን ርካሽ ሾክ ይሻላል።

ወፍራም ስታቢላይዘር በሞተ ሾክ ላይ መጨመር። መኪናዋ ኩርባ ላይ ማጋደሏ ይቀንሳል፣ መንጠሯ ግን ባለበት ይኖራል።

ፖሊዩሪቴን ቦኮላ ገዝቶ ያለ ቅባት መግጠም። እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ለመንገድ መኪና አዲስ የጎማ ቦኮላ ይበቃል።

ከገጠማችሁ 100 ማይል ገደማ በኋላ የቸርኬውን፣ የሾኩን የታችኛውን ቡሎንና የላይኞቹን ዳዶዎች እንደገና በቶርክ ሬንች ፈትሹ። ቁመቱን በደረጃ 2 በጻፋችሁት ወረቀት ላይ ከጎኑ ጻፉ። አንዱ ጥግ ከሌላው አንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከወረደ ሞላው ማረፊያው ላይ በትክክል አልተቀመጠም፤ ያንን ጥግ ብቻ መልሳችሁ ክፈቱት።